ግዝት የጎደለው ብራና

ባለፈው ሳምንት የእኅቴ ልጅ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ባለው ዘንዘልማ ያሠራችውን አዲስ ቤት ልታሳየኝ ወስዳኝ ነበር። ባጃጁ አስፋልቱን ለቅቆ ወደ ጠጠሩ መንገድ ሲገባ፣ አጥሩ ገና ባልተጠናቀቀ አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ወጣት የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥሮ ሲፍቅ አየሁ። ከማየቴ በፊት ግን ሸትቶኝ ነበር። ውሃ ውስጥ የሰነበተ ቆዳ ደስ የሚል ሽታ የለውም። የእኅቴ ልጅ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፈነች፤ እኔ ግን ባለባጃጁን፣ “ጥቂት አቁምልኝ” አልሁት። ለምን እንዳስቆምሁት ስትጠይቀኝ በአንድ ዐረፍተ ነገር ልመልስላት አልቻልሁም። በብዙ ዐረፍተ ነገር ግን የሚቻል ይመስለኛል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። ዕድሜዬን የፈጀሁት የቆዩ ሰነዶችን በመመርመር ነው። ምስክር ሲያረጅ ንግግሩ ምን ያህል እንደሚያምር፣ ባማረ ቁጥርም ምን ያህል መጠርጠር እንዳለበት ዐውቃለሁ። አሁን ምስክሩ እኔው ነኝ። ስለዚህ እርግጠኛ የሆንሁበትን “ነበር” እላለሁ፤ ያልሆንሁበትን “ይመስለኛል” እላለሁ፤ አንባቢ ልዩነቱን ይያዝልኝ።

ወቅቱ ከጥምቀት በኋላ እስከ ፋሲካ ያለው ደረቅ ጊዜ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ምናልባት አሥራ ሦስት። አባቴ ከሌላ አገር መጥቶ ባሕር ዳር በፋብሪካ ጸሐፊነት የተቀጠረ ሰው ነበር፤ እናቴ ግን ከሐይቁ ዳር የካህናት ወገን ነበረች። በዚህ ምክንያት ቀኔ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ጧት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ በእናቴ አጎት በመሪጌታ ቢያድግልኝ ዘንድ። መሪጌታ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በብራና ላይ በእጃቸው የሚገለብጡ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። እኔም እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች “የኔታ” እላቸው ነበር።

አባቴ፣ “ዛሬ ጽሕፈት በታይፕ ሆኗል፤ ልጁን በብርዕ አታድክሚው” ይላል።

እናቴ፣ “ታይፑ ሲበላሽስ ማን ሊጽፍ ነው?” ትለዋለች።

ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ታሪክ የሚያስተምረን ሚስተር ሃሪስ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ነበር። እጅግ ረጅም ስለ ነበር የክፍሉን በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። እኔ በመጀመሪያው ወር እጅ የሚነሣን መስሎኝ፣ በየቀኑ ከመቀመጫዬ ጎንበስ ብዬ አጸፋውን እመልስ ነበር። እርሱ ምን እንደ መሰለው አላውቅም።

አንድ ቀን ከካርቶን ቱቦ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋልን። አገሩ ገና በእንግሊዝ ንጉሥ ትተዳደር በነበረበት ዘመን የተጻፈ የመሬት ውል መሆኑን፣ ያን መሬት የተቀበለው ከቀደሙት አያቶቹ አንዱ መሆኑን፣ ውሉንም አባቱ ለተማሪዎቹ እንዲያሳይ እንደ ላከለትና ወደ አገሩ ሲመለስ ለአባቱ እንደሚያስረክብ ነገረን። ስለ ንጉሡ እንድንጠይቀው ይጠብቅ ነበር መሰለኝ። ከአጠገቤ የሚቀመጠው ሙሉቀን፣ የቄስ ልጅ ነበር፣ ጫፉን በሁለት ጣቱ ይዞ አሻሸና፣

“በግ ነው፣ ሰር” አለ።

“ምኑ?”

“የበግ ቆዳ ነው፤ ፍየል አይደለም። በዚህ በኩል የጸጉሩ ወገን ነው፤ በዚያ በኩል የሥጋው።”

ሚስተር ሃሪስ ብራናውን አንሥቶ ገልብጦ አየው። “ቤተሰቤ ይህን ይዞ ሁለት መቶ ዓመት ሲኖር በግ መሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም” አለ።

ከዚያ ከግርጌው ያለውን ፊርማ አሳየን። የፈረመው ሰው በኋላ በእንግሊዙ ንጉሥ ላይ ከተነሡትና አገሪቱን ነጻ ካወጡት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ነው አለን። ስሙን ያን ዕለት ጠርቶልናል። እኔ ግን አላስታውሰውም፤ ከመጽሐፍ ፈልጌ “ይህ ሳይሆን አይቀርም” ብል በታሪክ ላይ እቀጥፋለሁና ትቼዋለሁ።

“ሸፍቶ ነበር ማለት ነው፣ ሰር?” አለ ሙሉቀን።

ከጥቁር ሰሌዳው በላይ የግርማዊነታቸው ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። ሚስተር ሃሪስም ወደ ፎቶግራፉ ቀና ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

“ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ እንዲያ ይባል ነበር” አለ።

እኔ በዚህ ሁሉ መካከል የምፈልገውን ነገር አጥቼ ነበር። ከግርጌው ቀይ ሰም ጠብታ አለ፤ እርሱን ቀዳሹ ጧፍ ያንጠባጠበበት መሰለኝ፤ ማኅተም ነው ተባልሁ። የላይኛው ጠርዝ እንደ እባብ መንገድ የተጣመመ ነው፤ እርሱም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ተባልሁ። ዋናው ነገር ግን የለም። በእኛ አገር መሬት ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለሰው ሲሰጥ በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፋል፤ በመጨረሻም ያን መሬት የነካ እንዲወገዝ ቃል ይታሰርበታል። መሬትን የሚጠብቀው አጥር ሳይሆን ያ ቃል መሆኑን ሕፃን ሳለሁ ጀምሬ ዐውቃለሁ።

“ግዝቱ የት ላይ ነው፣ ሰር?” አልሁ። ምን ማለቴ እንደ ሆነ ለማስረዳት ከሙሉቀን ጋር እየተረዳዳን ብዙ ደከምን።

“ግዝት የለውም” አለ በመጨረሻ።

“መሬቱስ አሁን የእናንተ ነው?”

“አይደለም። ዛሬ ሌሎች ሰዎች ይኖሩበታል።”

ይህን ሲል ፈገግ ብሎ ነበር፤ እኔም ፈገግታውን የወንድ ልጅ ትዕግሥት አድርጌ ተረጎምሁት። በማውቀው ዓለም ርስት አይሸጥም ነበርና፣ ከባለቤቱ እጅ የወጣ ርስት ሁሉ የተነጠቀ ነበር። ለምን እንደ ተነጠቀም ምክንያቱ ከፊቴ ተዘርግቶ ነበር።

ብራናው የሐይቁ ርጥበትና የቀትሩ ሙቀት ተፈራርቀውበት ተጨማዶ ነበር። ሚስተር ሃሪስ ከትምህርት በኋላ ጠራኝና የእናቴ አጎት ሊያቀኑት ይችሉ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ቱቦውን ሲሰጠኝ በአማርኛ፣ “አደራ” አለኝ። ቃሉን ማን እንዳስተማረው አላውቅም፤ ክብደቱን ግን አብረው አላስተማሩትም ይሆናል፤ ምክንያቱም ቃሉን ሲናገር እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር። እኔ ቱቦውን ይዤ እንደ ሕፃን ታቅፌ ወደ ሐይቁ ዳር ሄድሁ።

መሪጌታ ብራናውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። እንግሊዝኛውን ማንበብ ስለማይችሉ አሸተቱት፤ ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንሥተው ተመለከቱት።

“የበግ ነው። ጸሐፊው ቸኩሏል፤ መስመር እንኳ አላሰመረም። ቀለሙ ግን ጥሩ ነው። ላዩን አይጥ በላው እንዴ?”

“አይደለም፣ የኔታ። በአንድ ቆዳ ላይ ሁለት ጊዜ ይጽፉና መካከሉን እያጣመሙ በመቀስ ይቆርጡታል። አንዱን ሰጪው፣ አንዱን ተቀባዩ ይይዛል። ክርክር ሲነሣ ሁለቱን ሲያጋጥሙት ልክ ከሆነ እውነት ነው፤ ካልሆነ ሐሰት።”

በጣታቸው የጠርዙን መጣመም ተከትለው ከዳር እስከ ዳር ሄዱ። “ብልሆች ናቸው” አሉ። “እኛ በግዝት የጠበቅነውን እነርሱ በመቀስ ጠበቁት።” ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ “ዳሩ ግን መቀስን ማን ይፈራል?” አሉ።

ዛሬ ሳስበው ቀልድ ነበር፤ በጢማቸው ውስጥ ፈገግ ያሉም ይመስለኛል። ያን ጊዜ ግን ፍርድ ሆኖ ተሰማኝ።

ብራናውን በራሰ ነጠላ ጠቀለሉት፤ ሲለሰልስ በሁለት ሳንቃ መካከል አጋድመው ድንጋይ ጫኑበት። በሦስተኛው ቀን፣ ዐቢይ ጾም ነበርና ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሊሄዱ ሲሉ፣ “ድንጋዩን አንሣለትና ነፋስ ይንካው። ሌላ ነገር እንዳትነካ” አሉኝ።

ድንጋዩን አነሣሁ። ብራናው ቀንቶ ነበር። በጀርባው፣ በአንዱ ማዕዘን ከደበዘዘች ትንሽ ጽሕፈት በቀር፣ ምንም አልነበረበትም። እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ የተተወው ለሚመጣው ሰው ነው ብዬ አሰብሁ። ብርዑ እዚያው ነበር፤ ከጥላሸት የተበጠበጠው ቀለም በቀንዱ ውስጥ ነበር። ቃሉን በየመጻሕፍቱ መጨረሻ ስገለብጠው ስለኖርሁ በቃሌ ዐውቀው ነበር። በግዕዝ ጻፍሁት፤ ዘሤጦ ወዘሄዶ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን። የሸጠው፣ የነጠቀው፣ የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ሦስት መስመር ሆነ። እየጻፍሁ ሳለ ነጣቂዎቹ፣ እዚያ በማላውቀው አገር፣ ድንገት ሆዳቸውን ይዘው ወደ ዳኛ ሲሮጡ ይታየኝ ነበር። ሚስተር ሃሪስ በበሩ ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ “መሬቱ ተመለሰልን” ሲለንም ታየኝ።

መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቀለሙ ደርቆ ነበር። ብራናውን ገለበጡት።

“ይህ የማን እጅ ነው?”

“የእኔ ነው፣ የኔታ።”

“ማን አዘዘህ?”

“እርስዎ።”

“እኔ?”

“‘መቀስን ማን ይፈራል’ ብለው።”

ተቀመጡ። “አንተ ልጅ” አሉ፤ “ይህ የሰው አደራ ነው። ሰውየው የሰጠን እንድናቀናለት ነው፤ እንድንጽፍበት አይደለም። አባቱ ‘ምን አደረግኸው’ ቢለው ምን ይመልሳል?”

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጥፋት መሥራቴ አልታየኝም ነበር። አሁን ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ። ለሁለት መቶ ዓመት የተጠበቀ ነገር ነው፤ በእኔ እጅ የቆየው ሦስት ቀን ነው።

“አይዞህ” አሉኝ። “ጥላሸት ነው፤ ወደ ቆዳው ገና አልዘለቀም። ይፋቃል።” ስሕተት የሚፍቁባትን ትንሿን ሰንጢ አነሡ፤ ብራናውን በጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፤ ከየት እንደሚጀምሩ ለማየት ጽሑፉን በለሆሳስ አነበቡት። ሰንጢዋ ወደ ብራናው ወርዳ ሳትነካው ቆመች።

“ዘፈሐቆ” አሉ። የፋቀው።

እኔም ገባኝ። ግዝቱ የፋቀውንም ያስራል፤ አንድም ቃል እንዳይጎድል ብዬ አሟልቼ ነበር የጻፍሁት። የኔታ ሰንጢዋን መልሰው በሰገባዋ ከተቱ።

“የልጅ ግዝት አይደርስም” አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። “ሥልጣን የለህም። እኔም ቄስ አይደለሁም።” ሰንጢዋን ግን መልሰው አላወጧትም።

“ታዲያ ምን ይሻላል፣ የኔታ?”

“ብፍቀው ግዝቱ አለ፤ ብተወው አደራው አለ። ካህን ይፍታው ብንል እንኳ አስቀድሞ ለባለቤቱ መንገር ነው። ነገ ይዘኸኝ ትሄዳለህ።”

ያደርሁትን አዳር አልተርከውም።

በማግሥቱ መሪጌታ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ጭራቸውን ይዘው ከፊቴ ሄዱ። ሚስተር ሃሪስ የሚኖረው ዛሬ ፋሲሎ በሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ ይመስለኛል፤ ቤቱ በአንድ የባሕር ዛፍ አጥር ውስጥ የነበረ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ሲያየን ደነገጠ፤ ወንበር አቀረበ፤ ሻይ ልፍላ አለ። የኔታ ጾም መሆኑን በእጃቸው አመለከቱና ተቀመጡ። እኔ በመካከላቸው ቆምሁ።

“ተርጉም” አሉኝ። “አንዳች ሳትጨምር፣ አንዳች ሳታስቀር። ‘ይህ ልጅ በድሎሃል’ በለው።”

አፌን ከፈትሁ። በእንግሊዝኛ የወጣልኝ ግን፣ “እንደምን ሰነበትህ ይላሉ” የሚል ነበር።

ሚስተር ሃሪስ ደስ ብሎት ወደ እርሳቸው ዞረና በአማርኛ፣ “ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን” አለ።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። “‘በድሎሃል’ ብዬው ‘ደኅና ነኝ’ ይላል?”

ከዚህ በኋላ መሸሻ አልነበረኝም። ቱቦውን ከፍቼ ብራናውን አወጣሁ፤ ገልብጬ በጠረጴዛው ላይ አኖርሁት፤ የጻፍሁት እኔ መሆኔን፣ የኔታ አለማዘዛቸውን፣ ሊፋቅ የማይቻልበትንም ምክንያት ባለችኝ እንግሊዝኛ ሁሉ ተናገርሁ። በሰዋስው ደረጃ እንዴት እንደ ነበረ አልጠየቅም። ሚስተር ሃሪስ ጎንበስ ብሎ ሦስቱን መስመሮች አያቸው።

“ምን ይላል?”

“የነጠቀው የተወገዘ ይሁን። የፋቀው የተወገዘ ይሁን።”

የኔታ ግዕዙን በጣታቸው እየተከተሉ ነበር። “የመጀመሪያውን ዘለልኸው” አሉ።

“የሸጠውም” አልሁ።

ሚስተር ሃሪስ ቀና አለ። “የሸጠው?”

“አዎ፣ ሰር።”

“መሬቱን ማንም አልነጠቀንም” አለ ቀስ ብሎ። “የሸጠው አያቴ ነው።”

ርስት የሚሸጥ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው፤ ባወቅሁበት ደቂቃም እርሱን ማውገዜን ተረዳሁ። ላግዘው የፈለግሁት ሰው አያት ነው። ሚስተር ሃሪስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። አለቀሰ ብዬ እኔም ልከተለው ስል እጁን አነሣ፤ ይሥቅ ኖሯል። ዐይኑ ግን እንባ ነበረው፤ ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

“አባቴ” አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ “ዕድሜውን ሙሉ አያቴን በዚህ ነገር ሲረግመው ነው የኖረው። በጽሑፍ ያደረገለት ሰው አልነበረም እንጂ።”

ሁሉንም ተረጎምሁላቸው። የኔታ አልሣቁም።

“አያትየው በሕይወት አሉ?”

“ሞቷል” አለ ሚስተር ሃሪስ።

“የሞተ ሰው ታስሮ አይተኛም” አሉ የኔታ። “የልጅ ግዝት አይደርስም። ቢሆንም በብርዕህ ያሰርኸውን በአፍህ ፍታ። ስማቸውን ጠይቀው።”

“ሳሙኤል” አለ ሚስተር ሃሪስ።

የኔታ ፊታቸው በራ። ለአፍ የማይመች ስም ይሆናል ብለው ፈርተው ነበር ይመስለኛል። “የነቢይ ስም ነው!” አሉ። ወደ ምሥራቅ አዞሩኝ፤ ምሥራቁ የልብስ ሳጥን ያለበት ግድግዳ ነበር። ሦስት ጊዜ፣ “ሳሙኤልን እግዚአብሔር ይፍታው” አልሁ። ሚስተር ሃሪስም ሳይነገረው ተነሥቶ ቆሞ ነበር፤ ራሱ ጣራውን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት።

“አሁን ብራናውን ልፍቀው እንደ ሆነ ጠይቀው” አሉኝ የኔታ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

ሚስተር ሃሪስ እጁን በብራናው ላይ አኖረ። “እንዳትነኩት” አለ። “ለአባቴ እንዲህ እንዳለ ነው የምሰጠው። ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ ልወስድለት አልችልም።”

ስተረጉምላቸው የኔታ በረጅሙ ተነፈሱ፤ የወንበሩ እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ። እስከዚያ ድረስ ከሁላችንም ይልቅ የተጨነቅሁት እኔ ይመስለኝ ነበር።

ሙሉቀን ይህን ታሪክ ስነግረው፣ የብራናው ጀርባ ከመጀመሪያውም ባዶ እንዳልነበረ ይከራከረኛል። ማስረጃ የለኝም። የተመለስንበትን መንገድ ግን ማንም ሊያከራክረኝ አይችልም። በሐይቁ ዳር ነበር የተመለስነው፤ የኔታ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እጄ ባዶ ነበር፤ ምንም አልተሸከምሁም፤ ስለዚህ እየዘለልሁ እሄድ ነበር። ጥቂት እንደ ሄድን ደፈርሁ።

“የኔታ።”

“አቤት።”

“የልጅ ግዝት አይደርስም ብለዋል።”

“ብያለሁ። አይደርስም።”

“ታዲያ ትናንት ሰንጢዋን ለምን መልሰው ከተቷት?”

አንዲት ታንኳ ወደ ዳር ትጠጋ ነበር፤ ቀዛፊው ቆም ብሎ እጅ ነሣቸው፤ እርሳቸውም ጭራቸውን ከፍ አድርገው መለሱለት። ከዚያም ወደ እኔ ዞር ሳይሉ፣

“ቢደርስስ?” አሉ።